ከሳህኑ ሥር የቀረው

ገራ፣ ሌስቮስ፣ ግሪክ
ማርች 9 ቀን 1988

ለእህቴ ለሚርሲኒ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ለገና የጻፍሽልኝንም፣ ባለፈው ወር የላክሽውንም ደብዳቤ ሳልመልስ ቆየሁ። ታመህ ይሆን ወይ ብለሻል። ከጥምቀት ማግስት ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ለቀቀኝ። ከዚህ በላይ የሚወራለት ነገር አይደለም። ለምን አልደወልክም ላልሽውም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ስልክ ላይ ሁለታችንም እንጮሃለን እንጂ አንነጋገርም።

የወይራ ዘይትሽ ትናንት መርከብ ላይ ተጭኗል። ከአባባ ዛፎች ነው። እንደ ዘንድሮ ፍሬ የያዙበት ዓመት ትዝ አይለኝም። ቆርቆሮውን ከትልቁ ጋን ሞልቼ ክዳኑን ራሴ በየድኩት። በሜይ መጀመሪያ ሜልቦርን ይደርስልሻል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ምራትሽ ዶና ከሱቅ በጠርሙስ የምትገዛውን «የግሪክ ሰላጣ ማጣፈጫ» ቀምሰሽ ስኳር አገኘሽበት። እማማ የምትሠራውን እቤትሽ ልትሠሪ ፈልገሽ ልኩን ጠየቅሽኝ። ልክ የለውም። እማማ ማጣፈጫ ለብቻው ሠርታ አታውቅም፤ ሳህኑ ውስጥ ነው የሚሠራው። ቲማቲሙን ቆራርጠሽ ጨው ነስንሺበትና ውሃ እስኪያወጣ ተዪው። ኪያርና ሽንኩርት ጨምሪ። አቼቶ በማንኪያ ጫፍ። ኦሬጋኖውን በመዳፍሽ መሀል አሽተሽ በትኚው። አይቡን ከላይ አኑሪ። ዘይቱ መጨረሻ ነው፤ እጅሽ እንዳይሰስት። የቲማቲሙ ውሃ፣ ከአይቡ የረገፈው፣ ዘይቱ፣ ሰው እየበላ ሲያወራ ከሥር ይገናኛሉ። ማጣፈጫው እሱ ነው። አንቺስ፣ ብቻሽን ነው ወይ የምትበዪው?

አንድ ነገር ልለምንሽ። ቆርቆሮው ሲደርስሽ መጀመሪያ በዘይቱ፣ በጨውና በኦሬጋኖ ብቻ ሥሪና ምን ምን እንደሚል ጻፊልኝ። እንደ እህት አይደለም፤ እንደ ገዢ።

ወንድምሽ ኢግናቲስ


ከቀን መዝገቤ፣ በዚያው ቀን

ለሚርሲኒ ያልጻፍኩት ይህን ነው። ትኩሳቱ ሲለቀኝ አፍንጫዬን ይዞት ሄደ። ሽንኩርት አይሸተኝም። የምድጃው ጋዝ አይሸተኝም። ከትልቁ ጋን ብቀምስ ውሃ የጠጣሁ ያህል ነው፤ ጉሮሮዬን እንኳ አይነካኝም። ሁለት ወር ጠበቅሁ፤ አልተመለሰም።

ሥራዬ ዘይት ቀምሶ መሸጥ ነው። ገዢዬ፣ የፒሬዎሱ ቭራሲዳስ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የኔን ጋን ቀምሶ አያውቅም። እኔ ቀምሼ «ጥሩ ነው» ስል ይጭናል። በጁን መጨረሻ ይመጣል። ዘንድሮ ምን ልበለው? እዚህ ማንንም ማስቀመስ አልችልም። ጠዋት አንዱን ባስቀምስ፣ ከምሳ በፊት ባሕረ ሰላጤው ዙሪያ ያለ መንደር ሁሉ «የኢግናቲስ አፍንጫ ሞተ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ቃሌን ማን ይገዛዋል?

የሚርሲኒ ምላስ እንደ አባታችን ነው። እሷ የጻፈችልኝን ለቭራሲዳስ እነግረዋለሁ።


ሜልቦርን
ሜይ 17 ቀን 1988

ወንድም ዓለም፣

ዘይቱ ደረሰ። ቆርቆሮው ጥጉ ላይ ጎድጎድ ብሏል እንጂ ጠብታ አልፈሰሰም። ግሩም ዘይት ነው። የአባባ ዘይት። እጅህ ይባረክ።

ብቻሽን ነው ወይ የምትበዪው ብለህ የጠየቅኸኝ ምን አሳስቦህ ነው? ቤቱ ሙሉ ነው። ልጄ ታኪስ ሥራ ይበዛበታል፤ እሁድ እሁድ ግን ሁላችንም ገበታ ላይ ነን። ሰላጣውን እንዳልከኝ ሠራሁ። ዶና ቀመሰችና፣ «እማማ፣ ይሄ ከጠርሙሱ በምን ይለያል?» አለችኝ። «ጠርሙሱን ፋብሪካ ወለደው፤ ይሄ እናት አለው» አልኳት። ታኪስ ሲስቅ ወይራው ሊያንቀው ነበር። ሳህኑ ባዶ ሆነ።

ብቻ አንድ ነገር። አቼቶው በማንኪያ ጫፍ ያልከው አያንስም? እማማ ጨመር አታደርግም ነበር? ሎሚስ? ሎሚ ብጨምርበት ትቆጣ ነበር?

አንተስ ምሳህን ከማን ጋር ነው የምትበላው? አስፓሲያ ከሞተች ወዲህ ስለ ምግብህ አንድ መስመር ጽፈህልኝ አታውቅም። ስለ ጉንፋኑም በሁለት ቃል አለፍከው። እኔ ደህና ነኝ።

እህትህ ሚርሲኒ


ገራ
ጁን 1 ቀን 1988

ለሚርሲኒ፣

ደብዳቤሽ ትልቅ ሸክም አቀለለልኝ። ለምን እንደሆነ ሌላ ቀን እነግርሻለሁ።

ስለ ምግቤ አታስቢ። ሚስቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ እንቁላል መጥበስ ችያለሁ። ጓደኛ አላጣሁም። ትናንት ካፌ ውስጥ ፕሮኮፒስ፣ የዚያ የላይኛው ሰፈር ዘይት ጨማቂ ልጅ፣ አሁን እሱም ሸብቷል፣ ሰው በተሰበሰበበት ጮኸብኝ።

«ባርባ ኢግናቲ! ዘንድሮ ገና አላስቀመሱንም። ለጳጳሱ ነው ያስቀመጡት?»

«አንተን አስቀምሼ ምን ላተርፍ?» አልኩት። «ምላስህ በሐሜት ተላልጦ አልቋል፤ ዘይትና ነጭ ጋዝ አይለይም።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቡናዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ወደ ሰላጣሽ ልመለስ። ሎሚ ለጎመን ነው። ቲማቲም የራሱ ኮምጣጣ አለው፤ ሌላ ኮምጣጣ ስትጨምሪበት ይጣላሉ። አቼቶውም ያልኩሽ ይበቃል። እማማ ጠርሙሱን አፉን በአውራ ጣቷ ደፍና ነበር የምታንጠባጥበው፤ ታስታውሽ የለም?

አንድ ነገር ግን አልጻፍሽልኝም። ሳህኑ ሲያልቅ ከሥር የቀረውን በዳቦ ጠቀስሽው? ልጅ ሆነን የምንጣላበትን ማለቴ ነው። ይህን ብቻ መልሽልኝ።

ኢግናቲስ


ከቀን መዝገቤ፣ ጁን 2

ለቭራሲዳስ ላክሁበት፦ ትልቁ ጋን በሙሉ የአንተ ነው፣ ጁን 28 ና። የሚርሲኒን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ግሩም ዘይት ነው» ይላል። ሰውየው ከኔ የሚጠብቀው ይህንኑ ሦስት ቃል ነው።


ሜልቦርን
ጁን 12 ቀን 1988

ወንድም ዓለም፣

ስለ ዘይቱ ደጋግመህ ትጠይቀኛለህ። ነገርኩህ እኮ፤ ግሩም ነው። የጎረቤቶቼ የነኪራ ኤቫንቲያ ዘይት ከሱ ጋር አይወዳደርም።

ማጣፈጫውን ግን እዚህ ላለው አፍ ትንሽ ለወጥ አድርጌዋለሁ፤ አትቆጣ። አቼቶውን ሁለት ማንኪያ አደረግሁት። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ጨመርኩ። የሎሚውን ነገር እያወቅሁ አጠፋሁ፤ ግማሽ ጨመቅሁበት። ሰናፍጭም በሻይ ማንኪያ። ዶና ደግሞ ማር ጠብ አደረገችበት። እንዲህ ሆኖ በጣም ጣፋጭ ነው። ኦሬጋኖ ስንት እፍኝ ብጨምር ይበዛል ትላለህ?

ዝናቡ አላቆመም። ክረምቱ ገብቷል። ጉልበቴን ትንሽ ይዞኛል፤ ሌላ ምንም የለም።

ሚርሲኒ


ከቀን መዝገቤ፣ ጁን 23

ስለ ዳቦው አልመለሰችም።

ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ የጨመረችውን በጎኑ ጻፍኩት። አቼቶ ሁለት ማንኪያ። ሎሚ። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት። ሰናፍጭ። ማር። አሁን ደግሞ ኦሬጋኖ በእፍኝ። ይህ ማጣፈጫ አይደለም፤ መሸፈኛ ነው። አርባ ዓመት ዘይት ስገዛ ጋናቸውን ሳይከፍቱ በነጭ ሽንኩርት የታሸ ምግብ የሚያቀርቡልኝን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። አባቴ፣ «ሻጩ ነጭ ሽንኩርት ካበላህ አመስግነህ ውጣ» ይል ነበር። እህቴ የዚያ ሰው ልጅ ናት። ጥሩ ዘይት በእጇ ካለ ነጭ ሽንኩርት አታስጠጋም።

ከዚያ ቀኑን ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ዘይት ከተጨመቀ በአርባ ቀኑ ከአተላው ጠልሎ ወደ ንጹሕ ጋን መገልበጥ አለበት፤ አለዚያ አተላው ይበሰብስና ዘይቱን ይዞት ይሞታል። የትልቁ ጋን አርባ ቀን የሞላው ጃንዋሪ ውስጥ ነው። እኔ ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ነበርኩ። ስነሣ የተገለበጠ መሰለኝ፤ በየዓመቱ የማደርገው ነገር ስለሆነ አድርጌዋለሁ ብዬ አለፍኩ። ዛሬ ዱላ ሰድጄ የጋኑን ወለል ነካሁ። አተላው አንድ ክንድ ሆኗል።

ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ሲከፍት ይሸተው ነበር። እኔ በየቀኑ ገብቼ ወጣሁ።

ቭራሲዳስ አምስት ቀን ቀርቶታል። ባልናገር ይጭነዋል።


ገራ
ጁን 30 ቀን 1988

ለሚርሲኒ፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ማንም አልሞተም።

በጥምቀት የያዘኝ ጉንፋን አፍንጫዬን ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ቅመሺልኝ ያልኩሽ ለዚህ ነበር። የላክሁልሽ ዘይት ከአተላው ጋር የከረመ፣ የበሰበሰ ነው። አንቺም ታውቂያለሽ። የጨመርሽውን ሁሉ ስትዘረዝሪልኝ ገባኝ።

ቭራሲዳስ ከትናንት በስቲያ መጣ። እንደ ልማዱ ጀርባውን ለጋኑ ሰጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«በል ቀምሰህ ንገረኝ፤ መርከቡ አይጠብቀኝም» አለ።

«ዘንድሮ አንተ ቅመስ።»

«ምን ሆነሃል? በስተርጅና ትሕትና ጀመርክ?»

«ቅመስ አልኩህ፣ ቭራሲዳ።»

እየሳቀ በማንኪያ ቀዳ። ሳቁ ማንኪያው ከአፉ ሳይወጣ አለቀ። መሀረቡን አውጥቶ ተፋበት፣ አጣጥፎም ኪሱ ከተተው።

«ባትናገር እኮ ጭኜው ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ለማን ነገርክ?»

«ላንተ።»

ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ምላሴን አንተ ጋ አስቀምጬ ኖርኩ። አሁን በዚህ ዕድሜዬ መቅመስ ልማር?» አለ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። አልሳቅንም። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ከፕሮኮፒስ እንዲገዛ ነገርኩት፤ ሐሜተኛ ቢሆንም አተላ አያሳድርም። ወደብ ድረስ ሸኘሁት። ሲሳፈር ሁልጊዜ «ለከርሞ» ይለኝ ነበር። ዘንድሮ እጄን ጨብጦ ብቻ ወጣ።

የጋኑን ዘይት የሳሙና ፋብሪካው ወሰደው። መጋዘኑን ዘግቼ ቁልፉን ምስማሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ስሜ አልጠፋም። ሥራዬ ግን አለቀ።

ይህን የምጽፍልሽ ልወቅስሽ አይደለም። እንደ ገዢ ጻፊልኝ ብዬ ምን ልሸጥ እንደሆነ ደበቅሁሽ። ሚዛኑን ሸሽጌ ክብደቱን ጠየቅሁሽ። ጥፋቱ የኔ ነው። የቀረውን ዘይት ድፊው።

ኢግናቲስ


ሜልቦርን
ጁላይ 13 ቀን 1988

ኢግናቲ፣ ወንድሜ፣

ቆርቆሮውን ስከፍተው ሽታው ያረጀ ለውዝና ሰም ነበር። ክዳኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከአባባ ዛፍ የመጣ ዘይት ከርፍቷል ብዬ ብቻውን ለሚኖር ወንድሜ እንዴት ልጻፍ? ዘይቱን የሠራኸው በእጅህ፣ ክዳኑን የበየድከው በእጅህ። «ግሩም ነው» ማለት ቀለለኝ። ይህ ቃል ስምህን ሊያጠፋብህ ነበር። ይቅር በለኝ።

አንዴ ከጀመርኩ ሁሉንም ላስተካክል። ዶና ማር አልጨመረችም። ዶና እዚህ የለችም። ታኪስ ፐርዝ ሥራ አግኝቶ በፌብሩዋሪ ጠቅልለው ሄዱ፤ በመኪና የአራት ቀን መንገድ ነው። ያ የማጣፈጫ ጠርሙስ የማቀዝቀዣው በር ላይ ረስታው የሄደችው ነው። ቤቱ ሙሉ ነው ያልኩህ ውሸት ነው። ስለ ወይራውና ስለ ታኪስ ሳቅም የጻፍኩት ከሌላ ዓመት እሁድ የተበደርኩትን ነው። ሰላጣውን የሠራሁት ለአንድ ሰው ነበር። ሳህኑ ባዶ የሆነው ስለደፋሁት ነው።

ደግሞስ ልኩን የጠየቅሁህ ሰላጣ መሥራት ጠፍቶኝ መሰለህ? አርባ ዓመት ሠርቻለሁ። የምትመልስልኝ ነገር እንዲኖርህ ብዬ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ጉሮሮዬን እንኳ አልነካኝም ብለህ ይሆናል፤ አውቅሃለሁ፣ ሁሉም ነገር ሞተብኝ ብለህ ተቀምጠሃል። የሚያስል ጥሩ ዘይት ነው፤ የሞተ ዘይት ማንንም አያስልም፣ ኢግናቲ። እኔንም አላሳለኝም። አባባ ዘይት ሲገዛ ካሸተተ በኋላ ምን ያደርግ ነበር? ዓይኑን ጨፍኖ ይጎነጭና ሳሉን ይጠብቃል። አንድ ሳል ለሾርባ፣ ሁለት ሳል ለሰላጣ። ሲያስለው እኛ ከገበታው ዙሪያ «ጤና!» ብለን እንጮሃለን፤ እማማ «ጎረቤት ምን ይላል» ትላለች። ጉንፋኑ አፍንጫህን ወሰደ። ጉሮሮህን መውሰዱን በምን አወቅህ?

ሂድና ጥሩ ዘይት ግዛ። እቤትህ ሠርተህ፣ ውሃ እስኪያወጣ ጠብቀህ፣ ቁጭ ብለህ ብላ። ከዚያ ጻፍልኝ። እንደ ወንድም አይደለም፤ እንደ ገዢ።

ሚርሲኒ


ገራ
ኦገስት 16 ቀን 1988

ለሚርሲኒ፣

የዘገየሁት በጾሙ ምክንያት ነው። ሁለቱን ሳምንት ከዘይትም ከአይብም ተከለከልኩ፤ ፍልሰታ ትናንት ሆነ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምበላውን ዘይት ልገዛ ወጣሁ። ፕሮኮፒስ ጠርሙስ ይዤ በሩ ላይ ሲያየኝ ሚስቱን ጠራት።

«ነይ ተመልከቺ! ባርባ ኢግናቲ ዘይት ሊገዙ መጡ! ባሕሩ ጨው ፍለጋ ወጣ በይኛ!»

«ቅዳልኝና ዝም በል» አልኩት።

«አንድ ጠርሙስ ብቻ? ለመድኃኒት ነው?»

«ለሰላጣ።»

የሚስቱን ፊት አየ። ሁለቱም የሰሙ መሰለኝ፤ ቭራሲዳስ ወይም ሳሙና ሠሪው ነግሯቸው ይሆናል። ፕሮኮፒስ ከፊቱ ካለው ጋን መቅዳቱን ተወና ወደ ጓዳ ገባ፤ ለቤቱ ካስቀመጠው ሞላልኝ። ሐሜተኛው ፕሮኮፒስ አንድ ቃል ሳይጨምር በር ድረስ ሸኘኝ። ይህ ነው ከሁሉ የከበደኝ።

እቤቴ ገብቼ ሠራሁ። ሁለት ቲማቲም፣ ግማሽ ኪያር፣ ሽንኩርት፣ ከአይቡ ቁራሽ። ጨው ነስንሼ ተቀመጥኩ። ለአንድ ሰው ሲሆን የቲማቲም ውሃ ለመውጣት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ የሚያወራሽ ስለሌለ ታዪዋለሽ። ልማድ ሆኖብኝ ሁለት ሹካ አውጥቼ ነበር፤ አንዱን መለስኩት። አቼቶ በአውራ ጣቴ አንጠባጠብኩ። ኦሬጋኖውን አሸሁት፤ እጄን አፍንጫዬ ላይ ብጭነውም ምንም የለም። ዘይቱን አፈሰስኩ።

እንደ ገዢ ልንገርሽ። ጨው አገኛለሁ። ኮምጣጣ አገኛለሁ። የቀረው ሁሉ ከግድግዳ ማዶ እንደሚሰማ ወሬ ነው፤ ድምፁ አለ፣ ቃሉ አይለይም። በልቼ ስጨርስ ከሥር የቀረውን በዳቦ ጠቀስኩ። ዘይት በዝቶበት ነበር። ዋጥኩት።

አሳለኝ፣ ሚርሲኒ።

ጉሮሮዬን ልክ እንደ ድሮው ከኋላ ያዘኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሁለት ጊዜ። የሞተው ዘይቱ ነው እንጂ ጉሮሮዬ አልነበረም። ሁለት ሳል፤ ለሰላጣ የሚሆን ዘይት ነው።

ከዚያ፣ አልዋሽሽም፣ ጠበቅሁ። ካሳለኝ በኋላ ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ምን እንደምጠብቅ የገባኝ ቆይቶ ነው። ማንም ምንም አላለኝም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ፣ ብቻሽንም ብትሆኚ፣ ኩሽናሽ ውስጥ ቆመሽ በይልኝ። ይዘገያል፤ ግድ የለም፣ እቀበለዋለሁ።

ወንድምሽ ኢግናቲስ


ሜልቦርን
ኦገስት 28 ቀን 1988

ጤና!

ደብዳቤህን በሩ ላይ ከፍቼ ነው ያነበብኩት። ኩሽና እስክገባ አልጠበቅሁም። የጎረቤት ውሻ ጮኸብኝ።

አሁን እንዲህ እናድርግ። አንተ እሁድ እኩለ ቀን ላይ ምሳ ስትቀርብ እኔ ዘንድ መሽቶ የእራት ሰዓት ነው። ሰላጣዬን ያኔ እሠራለሁ፤ ነጭ ሽንኩርት የለም፣ ሎሚ የለም። ያስልህ አያስልህ አላውቅም። እኔ ግን በዚያ ሰዓት እለዋለሁ። ደብዳቤ አትጠብቅ።

ሚርሲኒ


ከቀን መዝገቤ፣ ሴፕቴምበር 11፣ እሁድ

የሚርሲኒ ካርድ ሐሙስ ደረሰ። ዛሬ ሰዓቴን ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ጋር አስተካከልኩ። ሁለት ቲማቲም፣ ግማሽ ኪያር። እኩለ ቀን ላይ ዳቦውን ጠቀስኩ።

ሁለት ጊዜ አሳለኝ። ሹካዬን አስቀምጬ እሷ እስክትለው ድረስ ጠበቅሁ። ከዚያ እኔም ጮክ ብዬ «ጤና» አልኩ፤ እሷም እዚያ ሳታስል አትቀርም።

ሳህኑን በዳቦው ጠረግሁት። የሚታጠብ ነገር አልቀረውም።